በወይራ ሜዳ መግቢያ ሊተከል ስለታሰበው ሰሌዳ

ታኅሣሥ 14 ቀን፣ ጎንደር

ለጸጥተኛው የብስክሌት ጉብኝት መስመር አዘጋጅ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። እርስዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የኮሚቴዎ አባላትስ ደኅና ናቸው? ከእንግሊዝ አገር ይዘውት የመጡት የብስክሌት ቆብስ እንዴት ነው? ደጋግሜ ቢሮዎ ስመጣ መደርደሪያ ላይ ከነማሸጊያው ተቀምጦ ስለማየው ጤንነቱ ብዙም አያሳስበኝም፤ ራስ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ቆብ ምን ይሆናል ብዬ ነው። ለእርስዎ ግን ለጉልበትዎም፣ ለወገብዎም፣ ከማኪና ሲወርዱ ለሚይዝዎ ቁርጥማትም ፈውሱን እንዲሰጥዎ ዘወትር እጸልያለሁ።

እኔ ሙሉሰው እባላለሁ። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ ብስክሌት እጠግናለሁ፤ እንግዳ ሲገኝ ደግሞ በብስክሌት አስጎበኛለሁ። እርስዎ ያውቁኛል፤ ይህን የጻፍኩት ደብዳቤው በጋዜጣ ሲወጣ ለሚያነቡት ነው። የምለምንዎትም አንድ ነገር ነው፤ በመጪው ቅዳሜ በወይራ ሜዳ መንደር መግቢያ ሊተከል የተዘጋጀው ትልቁ ባለ ፎቶ ሰሌዳ እንዳይተከል። የተመረጠው ቦታ ከእትዬ የትነበርሽ ደጃፍ ፊት ለፊት ነው። እትዬ የትነበርሽ ባላቸው ከሞቱ ወር አልሞላም፤ ለአርባቸው ሽር ጉድ በሚሉበት ሰሞን ከቤት በወጡ ቁጥር ያንን ፎቶ ሊያዩ ነው። ማንበብ አይችሉም፤ ፎቶውን ለማወቅ ግን ማንበብ አያስፈልጋቸውም። ለምን ማየት እንደሌለባቸው ለማስረዳት እፍረቴን ከሥሩ መዘርዘር ስላለብኝ፣ ክቡርነትዎ ከተጣበበው ጊዜዎ ጥቂት እንዲለግሱኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፦ ስለ እንግሊዝ አገር ገጠር

ክቡርነትዎ ለልምድ ልውውጥ ስምንት ቀን በእንግሊዝ ገጠር ቆይተው ሲመለሱ፣ አዳራሽ ሰብስበው ያሳዩንን ፎቶ ሁሉ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከፍ ዝቅ የሚል አረንጓዴ ኮረብታ፣ በድንጋይ ካብ መሃል የሚጠማዘዝ ጠባብ አስፋልት፣ በየመንደሩ ማማ ያለው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ብስክሌታቸውን ግንብ አስደግፈው ወተት የገባበት ሻይ ሲጠጡ። በዚያ መንገድ ላይ ከወፍ በቀር ድምፅ እንደማይሰማ ሲነግሩን እርስዎም ድምፅዎን እጅግ ዝቅ አድርገው ስለነበር፣ ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ምን እንደተባለ የሰሙት ከእኛ ነው። ከዚያም ኮረብታው እኛም አለን፣ ካቡም አለን፣ ቤተ ክርስቲያኑማ ከእነሱም ይበዛል፣ የጎደለን ጸጥታው ብቻ ነው አሉ።

እንዲህ ያለውን ጥልቅ ጥናት በስምንት ቀን ለማጠናቀቅ መቻልዎ ዛሬም ያስደንቀኛል። የእኛ መንገድ ጸጥ የማይለው ሰው ስላለበት እንደሆነ ማንም አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። ይልቁንም አጨበጨብኩ፤ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጬ ስለነበር ጭብጨባዬን ሰምተውት ይሆናል። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት እንግዳ ከከተማችን ከራቀ ቆይቶ ነበር፤ ብስክሌቶቼ ጆንያ ለብሰው ግድግዳ ተደግፈው ከርመዋል፤ የሚጋልባቸው ሰው ካመጣችሁልኝ ለማንኛውም ነገር ላጨበጭብ ዝግጁ ነበርኩ።

ሁለተኛ፦ ስለ መመሪያው

ኮሚቴው ከጎንደር እስከ ትክል ድንጋይ ያለውን መንገድ «ጸጥተኛው መስመር» ብሎ ሲሰይም ያወጣውን ባለ ዘጠኝ ቁጥር መመሪያ እስካሁን በኪሴ ይዤ እዞራለሁ። እንግዶች በሚያልፉበት ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ከብት አስፋልት አይወጣም፤ ውሻ ይታሰራል፤ አህያ በውስጥ መንገድ ይዞራል፤ ጥሩምባ፣ ድምፅ ማጉያና ማናቸውም ጩኸት የተከለከለ ነው። ብስክሌተኛን አስቁሞ ሰላም ማለት፣ ከየት መጣህ ወዴት ትሄዳለህ ብሎ መጠየቅ፣ ግባና እህል ቅመስ ብሎ መለመንም በቁጥር አምስት ክልክል ሆኗል። በጎንደር ምድር ሰላምታ በቁጥር ተለይቶ ሲከለከል ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ለዚህ ቀዳሚነትዎ ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም።

መመሪያውን ለወይራ ሜዳ ሕዝብ እንዳነብ የተላክሁት እኔ ነኝ። የተላክሁት መንደሩ ስለሚወደኝ ነው፤ የሚወደኝም በአያ ባዬ፣ በእትዬ የትነበርሽ ባለቤት፣ ምክንያት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት በሐምሌ ዝናብ የኋላ ጎማዬ ተሰንጥቆ ከደጃፋቸው ቆሜ ስንቀጠቀጥ፣ አያ ባዬ ጋቢያቸውን አልብሰው እሳት ዳር አስቀመጡኝ። ከዚያም የበሬ ጠፍር በውኃ አርሰው ጎማውን ከነቸርኬው ጥፍንግ አድርገው አሰሩልኝ። ጠፍሩ ሲደርቅ ጠንክሮ ጎንደር ድረስ አደረሰኝ፤ ዛሬም በሱቄ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

ያን ዕለት ዝናቡ ሲያባራ አያ ባዬ ብስክሌቴን እንደሚገዛ በቅሎ ዞር ዞር እያሉ ተመለከቱና፣ «ይች በቅሎኽ ሸጋ ናት፤ ግን ሰው ስታገኝ ትወርድባታለኽ፣ ወይስ እንደ ማኪና ዝም ብለኽ ነው የምታልፍ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገሩ ለክቡርነትዎ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ላስረዳ። በእኛ ገጠር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ይወርዳል፤ ሬሳ ሲያጋጥመው ደግሞ፣ ሟቹን ይወቀውም አይወቀውም፣ ወርዶ ጥቂት እርምጃ ይሸኛል። እኔም እወርዳለሁ እንጂ ብዬ መለስኩላቸው። «እንግዲያስ ሸጋ» ብለው መርቀው ለቀቁኝ።

እንግዲህ መመሪያውን ያነበብኩት እኒህ ሰው በተቀመጡበት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚካኤል ቅጽር ውስጥ፣ ከወይራው ሥር ቆሜ፣ ዘጠኙንም ቁጥር በሚያምር ድምፅ አነበብኩ። ስጨርስ አያ ባዬ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ከመስከረም ወዲህ ደረታቸውን ይዟቸው ነበር። «ሙሉሰው፣ ሰው ቢሞትስ?» አሉ። ዘጠኙን ቁጥር በዓይኔ ፈለግሁ፤ የለም። እንግዶቹ የሚያልፉት በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነበርና ቀለድኩ፤ «ሐሙስን አሳልፋችሁ ነዋ፣ አያ!» አልኩ። ሕዝቡ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነና መልሰው ተቀመጡ።

ሦስተኛ፦ ስለ ሐሙስ

አያ ባዬ ረቡዕ ከቀትር በኋላ ዐረፉ። እኔ አልሰማሁም። ሐሙስ ጠዋት ስድስት እንግሊዛውያን አስከትዬ ከጎንደር ወጣሁ፤ ሁሉም ከስድሳ ዓመት ያለፉ ናቸው፣ ሁሉም ዳገት ላይ ይቀድሙኝ ነበር። ክቡርነትዎ የማኪናዎን መስኮት ዘግተው ቀድመውን አለፉ፤ ትክል ድንጋይ ላይ ያስተከሉትን የእንግሊዝ ሻይ ድንኳን ሊመለከቱ መሆኑን አውቄያለሁ። በነቢያት ጾም ለሻይ ወተት ፍለጋ አገሩን ማዞርዎ ለእንግዳ ያለዎትን ክብር ያሳያል።

ወይራ ሜዳ ስንደርስ መንገዱ ጸጥ ብሏል። ውሻ የለም፤ አህያ የለም፤ ካብ ላይ ተቀምጦ እንዴት አደራችሁ የሚል የለም። ስድስት ዓመት ስመላለስበት እንዲህ ሆኖ አላየሁትም። ቀድሞ የተሰማኝ ምን እንደሆነ እውነቱን ልናገር፤ ኩራት ነው። ሥራዬ የተሳካ መሰለኝ።

ከዚያ ከካቡ ወዲያ፣ ገብሱ መሃል፣ ሰዎች አየሁ። ረጅም ሰልፍ ናቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ካህኑ ጃንጥላቸውን አጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘዋል፤ አራት ወንዶች በትከሻቸው ቃሬዛ ተሸክመዋል። አስፋልቱ ቀጥ ብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ያደርሳል፤ እነሱ ግን አስፋልቱን ለእኛ ትተው፣ ያልታጨደ ገብስ እየረገጡ፣ በማሳ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዱ ነበር። አንድም ድምፅ የለም። ምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። አውቄያለሁ። የማን እንደሆነ ብቻ ነው ያላወቅሁት።

ከኋላዬ ሄለን የምትባል ጡረተኛ አስተማሪ ፍጥነቷን ቀንሳ እነዚያ ሰዎች ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቀችኝ። መኸር እየሰበሰቡ ነው አልኳት። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እንድረስ ብዬም አከልኩበት። እሷ ብስክሌቷን አቁማ ፎቶ አነሣች፤ እኔ ፔዳሉን አላቆምኩም።

በመመሪያው ቁጥር ስምንት በመንገድ ላይ ያልታቀደ ማቆሚያ አይኖርም ይላል። በእሱ ላሳብብ ብዬ ብዙ ቀን ሞክሬያለሁ፤ ግን አልሆነልኝም፤ እጀታዬን የያዘ ሰው አልነበረም። ያልወረድኩት ሥራውን ስለፈለግሁ ነው። ቀጣዩን ቡድን ለሌላ አስጎብኚ እንዳትሰጡብኝ ስለፈራሁ ነው። በሰው ፊት ሲጻፍ እንዴት እንደሚያሳፍር ክቡርነትዎ ሞክረው አያውቁ ይሆናል፤ እጅግ ያሳፍራል።

አራተኛ፦ ስለ ማግስቱ

እንግዶቹ በማኪና ተመለሱ፤ እኔ አርብ ዕለት ብቻዬን በብስክሌት ተመለስኩ። ወይራ ሜዳ ስደርስ በአያ ባዬ ደጃፍ ዳስ ተጥሏል። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያን ጊዜም ወረድኩ። አንድ ቀን ዘግይቼ ማለት ነው።

የመንደሩ ሊቀ መንበር በላቸው ገና ሲያየኝ ከዳሱ ተነሥቶ መጣና፣ እንደ አለቃው አቁሞኝ ሪፖርት አቀረበልኝ። ጥሩምባ አልተነፋም፤ መርዶው ቤት ለቤት በጆሮ ተነገረ። ካህኑ ፍትሐቱን በለሆሳስ አደረሱት። ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ሄዱ። «እንዳላችሁት አድርገናል፤ እንግዶቹ ደስ አላቸው?» አለኝ። በላቸው አልተሳለቀብኝም፤ ቢሳለቅብኝ ተመስገን እል ነበር። የታዘዘውን በደንብ የፈጸመ ሰው የሚጠይቀውን ነው የጠየቀኝ። አዎ፣ ደስ ብሏቸዋል አልኩ።

ከዚያ እትዬ የትነበርሽ ከሴቶቹ መሃል ጠሩኝ። ሄጄ ከሥራቸው ተቀመጥኩ። እጄን ይዘው፣ ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ድምፅ ተሰማባችሁ ይሆን? እኔ አንድ ጊዜ አምልጦኝ ነበር፤ ይቅር በለኝ» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሌላውን ቁጥር ሁሉ ቢዘሉት ይህን አንዱን ደግመው ያንብቡልኝ። አርባ ሁለት ዓመት አብረው የኖሩትን ባላቸውን ሲቀብሩ አንድ ጊዜ ድምፅ ስላመለጣቸው ይቅርታ የጠየቁት ሴት፣ ይቅርታውን የጠየቁት እኔን ነው። እኔም አልተሰማም እትዬ አልኳቸው። የሰጡኝን ንፍሮ በላሁ፤ ብስክሌቴን እየገፋሁ ከመንደሩ ወጣሁ፤ ከታጠፈው መንገድ ወዲያ የሚያየኝ ሲጠፋ ግን ወጣሁባት።

አምስተኛ፦ ስለ ሰሌዳው

አሁን ፎቶው የምን እንደሆነ ገብቶዎት ይሆናል። ሐሙስ ዕለት በሻይ ድንኳኑ ውስጥ ሄለን ያነሣቻቸውን ፎቶዎች ለቢሮዎ ጸሐፊ ለፅዮን ላከችላት። ፅዮንም አንዱን አሳይታኝ ምን ልበልበት ብላ ስትጠይቀኝ፣ ለሄለን ያልኩትን ደገምኩላት። ውሸት ሁለተኛ ጊዜ ሲነገር እንዴት እንደሚቀል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ባለፈው ሰኞ ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ሳልፍ ፎቶው የግድግዳ ያህል ሆኖ፣ «የወይራ ሜዳ ገበሬዎች በጸጥተኛው መስመር ዳር መኸር ሲሰበስቡ» የሚል ተጽፎበት አየሁት። ገብሱ ወርቅ ይመስላል። ከመሃል አራት ሰዎች በትከሻቸው አያ ባዬን ተሸክመዋል። በግራው ጠርዝ ላይ የኮሚቴውን አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ ግማሽ ጀርባ ይታያል።

የኮሚቴው አባላት ዐሥራ አንድ እንደሆናችሁ፣ ዘጠኛችሁም የገበሬ ልጆች እንደሆናችሁ በየንግግራችሁ መክፈቻ ስለምትነግሩን አውቃለሁ። ገብስ የሚሰበስብ ሰው ገብስ እየረገጠ እንደማይሄድ፣ ለአጨዳ የሚወጣ ሰው ነጠላ አዘቅዝቆ እንደማይለብስ፣ ነዶም በአራት ሰው ቃሬዛ እንደማይሸከሙት አንዳችሁም ሳትጠራጠሩ ዐሥራ አንዳችሁም ስለፈረማችሁበት፣ ለአንድነታችሁ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ አላልፍም። ይህን ስል ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። እናንተ አላያችሁም፤ እኔ አይቻለሁ። ከሁለታችን ማን የበለጠ ማፈር እንዳለበት ለመወሰን ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም።

ስለዚህ የምለምነው እንደሚከተለው ነው። ሰሌዳው ቅዳሜ አይተከል። በመመሪያውም ላይ፣ ከቁጥር ስምንት በኋላ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ «ብስክሌተኛ ሬሳ ሲያጋጥመው ይወርዳል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር። እኔ በበኩሌ ይህ ደብዳቤ ታትሞ ሰው አንብቦ ሳይነግራቸው፣ ነገ ማለዳ በእግሬ ወይራ ሜዳ ሄጄ ለእትዬ የትነበርሽ ሁሉንም እነግራለሁ፤ ከገብሱ ወዲህ ማን እንዳለፈ፣ ለእንግዶቹም ምን ብሎ እንደነገራቸው። ይቅር ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ። ቢቆጡኝ እንዴት እንደምሆን አውቃለሁ፤ ይቅር ካሉኝ ግን ያንን እጃቸውን እንዴት አድርጌ እንደምይዘው አላውቅም።

አረንጓዴውን ጃኬት አጥቤና ተኩሼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ቀጣዩን ቡድን ለሌላ አስጎብኚ ቢሰጡት ቅር አይለኝም። ብቻ ለሚተካኝ ሰው ብስክሌት መንዳት ብቻ ሳይሆን መውረድም የሚችል መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁልኝ።

ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ እስከ መጨረሻው ካነበቡልኝ ትዕግሥትዎን፣ ካላነበቡልኝም ልማድዎን በማክበር፣ የሚመሩት መስመር ጸጥታው እንዲበዛ፣ መስኮትዎም ሁልጊዜ በደንብ የሚዘጋ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከመንገዱ ዳር ራሴን ዝቅ አድርጌ እሰናበታለሁ።

አጨብጫቢዎ፣ አንባቢዎና አስተርጓሚዎ የነበርኩት
ሙሉሰው
ብስክሌት ጠጋኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሄለን ባለፈው ሳምንት ጽፋልኝ ነበር። ፎቶውን አስፍታ ስታየው በማንም እጅ ማጭድ ስላጣች፣ ሰዎቹ የተሸከሙት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እውነቱን ጻፍኩላት። በማግስቱ መልሷ መጣ። እሷ በምትኖርበት መንደር፣ እርስዎ በአዳራሽ ባሳዩን ዓይነት ጠባብና ጸጥተኛ መንገድ ላይ፣ ሬሳ የጫነ ማኪና ሲመጣ ብስክሌተኛ ሁሉ እንደሚወርድ፣ ቆቡን አውልቆ እስኪያልፍ ድረስ እንደሚቆም ጽፋ፣ እዚህ ባለመውረዷ ለቤተሰቡ ይቅርታ እንዳደርስላት ለምናኛለች። ክቡርነትዎ በቆዩባቸው ስምንት ቀናት በዚያ አካባቢ አንድ ሰው እንኳ አለመሞቱ ለጎንደር እንዴት ያለ ጉዳት ነው። ሰሌዳው የግድ ይተከላል ካላችሁ ግን ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ እንዲህ ተብሎ ይታረምልኝ፦ «አያ ባዬ ወደ ሚካኤል ሲሸኙ። በግራ ጠርዝ ላይ ጀርባው የሚታየው ሙሉሰው ነው። አልወረደም።»